ደንቡን ማን ያጣዋል

የረጠበ በርኖስ ሽታ ታውቃላችሁ? ደብረ ብርሃን ያደገ ሰው ይህን ቢጠየቅ ይስቃል። የበግ ጠጉር ውርጭ ሲወርድበት አድሮ እቤት ገብቶ ሲሞቅ በግ በግ የሚል፣ ጭስም ዝናብም ያለበት ሽታ ይወጣዋል። እኔ ይህን የምናገረው ለማያውቀው ነው። ሁሉም ያውቀዋል ብሎ ዝም ማለት ምን እንደሚያስከትል ከእኔ በላይ የቀመሰ የለምና፣ በስተርጅና ሁሉን ነገር ከሥሩ መናገር ልማዴ ሆኗል። የሰፈሩ ልጆች «ሽማግሌው ነገር ያበዛሉ» ይላሉ። ይበሉ።

ትናንት ጠዋት ያንን ሽታ ይዛ የገባችው ጥሩወርቅ ናት። ጥሩወርቅ የታናሽ ወንድሜ የደምሴ ልጅ ናት፤ አርባ ዓመት አልፏታል፣ የልጆች እናት ናት። በየዓመቱ የገና ዋዜማ ድፎ ዳቦ ታመጣልኛለች። የባሏን በርኖስ እስከ ጆሮዋ ተከናንባ፣ አፏ እንፋሎት እየተፋ ገባችና ዳቦውን አስቀምጣ፣ እጇን እያሻሸች፣ «ጋሼ ተክሌ፣ ነገ ልጆቹን የት ብወስዳቸው ይሻላል? ትልቁ ኳስ ጨዋታ አለ ይላል፣ ትንሿ የገና ጨዋታ ካላየሁ ብላ ታለቅሳለች። እናቴ ነፍሷን ይማርና፣ የእርስዎን ያህል ጨዋታ ያለበትን የሚያውቅ በሸዋ አልነበረም ትለኝ ነበር» አለችኝ። «አላውቅም» አልኳት። ሳቀች፤ የቀለድኩ መሰላት። እኔ ግን ለሰው እዚህ ሂድ፣ እዚያ ዋል ካልኩ እሷ ከመወለዷ በፊት ነው።

እውነት ነው፣ አንድ ጊዜ የማውቅ ሰው ነበርኩ። በርኖስ ነጋዴ ነበርኩ። የመንዝ ሴቶች ፈትለው ሸማኔ የሠራውን ጥቁር በርኖስ በአህያ ጭኜ ጫጫ እወርዳለሁ፣ ለሚ እሻገራለሁ፣ ተመልሼ በደብረ ብርሃን አልፌ ጎረቤላና አንኮበር እወጣለሁ። ከአንኮበር ደግሞ ጉልበት የሚያንቀጠቅጠውን ቁልቁለት ወርጄ አልዩ አምባ ጥጥና በርበሬ እገዛለሁ። ደህና በርኖስ በስምንት ጠገራ ብር ይሸጥ ነበር፤ አንድ ብርሌ ጠጅ በመሐለቅ ይገኝ ነበር። የእኔ ልብስ ተነፋነፍ ሱሪና እጀ ጠባብ፣ በላዩ የራሴው በርኖስ፤ የሚሸጠውን ያልለበሰ ነጋዴ ማን ያምናል? መንገደኛ ሰው ጆሮው ሰፊ ነው። የትኛው ጠጅ ቤት አዲስ ባለማሲንቆ እንደገባ፣ የማን ፈረስ ለጥምቀት ጉግስ እንደተቀለበ፣ የማን ሰርግ እንደሚደምቅ ሁሉ እኔ ጋ ይከማቻል። ሰው በርኖሱን ትከሻው ላይ እየለካ፣ «ተክሌ፣ የዘንድሮው ሰንበት የት ነው ደስ የሚለው?» ይለኛል። በርኖሱን ሳይገዛኝ ቢሄድ ቅር አይለኝም ነበር፤ ሳይጠይቀኝ ቢሄድ ግን ሆዴን ይበላኛል።

ደግሞም ለሁሉም አንድ አልነግርም። የሰውየውን ፊት አያለሁ። «አንተ ከሚስትህ ጋር ተኮራርፈሃል፣ ጫጫ ውሰዳት፤ እዚያ ያለው አዝማሪ የኮረፈ አይቶ አያልፍም፣ አስቆ ነው የሚያስታርቅ» እላለሁ። «አንተ እግርህን ታማለህ፣ ጉግሱን ከሜዳው አትይ፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ካብ ሥር ተቀመጥ፣ ፈረሶቹ እዚያ ነው የሚዞሩት» እላለሁ። «የእነ እከሌ ሰርግ እንዳትሄዱ፣ ወጡን በመነጽር ነው የምትፈልጉት» ያልኩበትም አለ፤ ባለ ሰርጉ በዱላ አሳድዶኛል። የት ቆሞ ቢታይ እንደሚያምር፣ ፀሐይ ከየት በኩል ዓይን እንደምትወጋ፣ ነፋሱ አቧራውን ወዴት እንደሚወስደው ሁሉ እነግራለሁ። ዛሬ ሬዲዮ አለ፣ ጨዋታው የት እንደሆነ በሰዓቱ ይናገራል። ሬዲዮ ግን ማን እግሩን እንደሚያመው አያውቅም።

ከጨዋታ ሁሉ እኔ የምሞትለት ገና ነበር። በበሬሳ ወንዝ ማዶ ያለው መስክ ላይ፣ የላይ ቤትና የታች ቤት ተብሎ ሁለት ወገን ይከፈላል፤ በቆልማማ ዱላ ጥንጓን እያጋጩ፣ ያቺን የእንጨት ኳስ ወደየወገናቸው ሲነዱ ይውላሉ። ጥርስም ይወልቃል፣ እጅም ይሰበራል። ነገር ግን የገና ጣዕሙ ምቱ አይደለም፣ ስድቡ ነው። ያሸነፈው ወገን ዱላውን ሽቅብ ይዞ እየጨፈረ ይመጣና፣ ከተመልካቹ መሀል በሹመትም በሀብትም የሚበልጠውን ሰው ከብቦ ይሰድበዋል። በሌላ ቀን ለአንዷ ቃል ጅራፍ የሚያስቆጥሩ ባላባት፣ የዚያን ዕለት በአፍንጫቸው፣ በሆዳቸው፣ በበቅሏቸው ተሰድበው ይስቃሉ። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ። ስቀው ሙክት ይሰጣሉ፤ ሙክቱን የተቀበለው ዘፋኝ ዞሮ ይመርቃቸዋል። ስድቡ ያለ ምርቃቱ አይዘጋም።

የታች ቤት አፍ ወንድሜ ደምሴ ነበር። በእጁ ዱላ የያዘው ለወጉ ነው፤ ጥንግ አጠገቡ ብታልፍ አያያትም። ከንፈሩን ሲያነሳ ግን መስኩ ጸጥ ይላል። ቀጭን፣ ረዥም፣ ሲስቅ ድዱ የሚታይ ልጅ ነበር። አስካለን ያገባ ዓመት ስድቡ ሁሉ ውበት ውበት ሸተተና ሰው ተቆጣ፤ «አግብቶ ተበላሸ» አሉት። ግጥሙን የምናወጣው አብረን ነው። እኔ የበግ ጠጉር ሳበጥር እሱ ደጃፉ ላይ ቁጢጥ ብሎ፣ «ወንድም ጋሼ፣ ይቺስ?» ይላል፤ እኔ «ጨው አንሷታል» እላለሁ። ከእኔ ጋር ሳይማከር አፉን አይከፍትም ነበር።

ከዚያ ጣሊያን ገባ። ስለ እሱ የሚያውቁ ይናገሩት። እኔ የማስታውሰው የጠጅ ቤቱ ማሲንቆ ግድግዳው ላይ እንደተሰቀለ አቧራ መጠጣቱን ነው፤ ከከተማው ጥግ እስከ ጫጫ መንገድ ድረስ ካሚዮን መደርደሩን ነው፤ ገበያው ላይ ጠገራ ብር ተደብቆ ሊሬ የሚሉት ወረቀት መውጣቱን ነው። ከአንኮበር ገደል ተኩስ ሲሰማ ሰው እርስ በርሱ ሳይተያይ እቃውን ይሰበስባል። ጣሊያኖቹ የራሳቸውን ጨዋታ ይዘው መጥተዋል። በነጭ አቡጀዲ ላይ የሚራወጥ ሥዕል ያሳያሉ፣ በቢስክሌት ይሽቀዳደማሉ፣ ኳስ በእግራቸው ይለጋሉ። ሰው አሁንም ዝቅ ባለ ድምፅ ይጠይቀኛል፤ «ተክሌ፣ ያ አቡጀዲ እንዴት ነው?» እኔም አያስችለኝም፤ «አንድ ቀን እዩት፣ ሁለተኛ አትመለሱ፤ ሁሌ የሚያሸንፉት እነሱ ናቸው» እላለሁ። ገና ግን ቀረ። ዱላ ይዞ መሰብሰብ ተከለከለ። ሁለት ዓመት የገና ዕለት በሬሳ ማዶ ከብት ብቻ ዋለበት። ደምሴ ከሲታ ሆነ፤ ማንን ይስደብ?

እዚህ ላይ ነው የእኔ ጉዳይ የሚመጣው። የከተማው የጣሊያን ሻምበል አስተርጓሚ ነበረው፣ ከየት እንደመጣ የማላውቅ ለስላሳ ሰው። አንድ ቀን ለሻምበሉ በርኖስ ሊገዛ እኔ ጋ መጣና የበርኖሱን ጠጉር እየዳሰሰ፣ «ሻምበሉ ሰልችቶታል። ይህ አገር ብርድ እንጂ ጨዋታ የለውም ይላል» አለኝ። ዝም ብል ኖሮ! አገሬን የያዘ ጠላት ሰለቸው ቢሉኝ «ይበለው» ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን ስድብ ተሰማኝ። «ጨዋታ የለውም? እኛ?» ብዬ ተነሳሁ። ስለ ገና ነገርኩት። አፌ ላይ የመጣልኝን ሁሉ ነገርኩት። ሻምበሉ በምዕራብ በኩል ይቁም፣ ከሰዓት ፀሐይ ከጀርባው ትሆናለች፤ በፈረስ ሳይሆን በእግሩ ይምጣ፣ ጥንግ ፈረስ ታስደነብራለች፤ በርኖሱን ይልበስ፣ ማምሻውን ይበርዳል፤ ለአሸናፊው የሚሰጥ ሙክት ይዞ ይምጣ፣ ወጉ ነው። አስተርጓሚው ሁሉንም በትንሽ ደብተር ጻፈ። ከሦስት ቀን በኋላ ተመልሶ፣ «ፈቅዷል። ጨዋታው ይደረግ፣ ሻምበሉም ይመጣል» አለኝ።

ያን ሰሞን እንዴት እንደከበርኩ! «ተክሌ ገናን አስፈታልን» ተባለ። ሴቶች እጄን ሳሙኝ። የአልዩ አምባው ወዳጄ ሐሰን ብቻ ነው ፊቱ ያልፈካው። ሐሰን የጥጥ ነጋዴ ነው፤ እኔ ቆላ ስወርድ የመውሊዱ መንዙማ የት እንደሚያምር የሚነግረኝ፣ እሱ ደጋ ሲወጣ እኔ የማስተናግደው ሰው። በጊዜው ወስጄ ገና አሳይቼዋለሁ። «ያ ፈረንጅ ስድቡን ሰምቶ ምን ይላል ተክሌ?» አለኝ፣ ጥጡን እያሰረ። «ደንብ እኮ ነው» አልኩት። «ወላሂ፣ ደንብ ለባለ ደንቡ ነው» አለ። ሳቅሁበት። አልዘገየም፣ መንገዱን ቀጠለ።

የገና ዕለት ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፣ እንደዛሬው ውርጭ ያለበት። ከየአምባው ሰው ጎረፈ። ሁለት ዓመት ተሰቅሎ የቆየ ዱላ ሁሉ ቅቤ ተቀብቶ ወጣ። አስካለ ጥሩወርቅን ነፍሰ ጡር ነበረችና ግፊያ እንዳያገኛት ብዬ፣ «ከመስኩ ራስ ያለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተቀመጪ፤ ከዚያ አንድም ነገር አያመልጥሽም» አልኳት። ነጠላዋን አንጥፋ ተቀመጠች። ሻምበሉ በካሚዮን መጣ፣ ከወንዙ ወዲያ ወርዶ በእግሩ ተሻገረ። በርኖሴን ለብሷል። ራሱ ላይ ላባ የተሰካበት ባርኔጣ አለ። በምዕራብ በኩል ቆመ። ካሚዮኑ ላይ አንድ ቡላ ሙክት ታስሮ ያመሰኳል። ቃሌን አንድ በአንድ ፈጸመልኝ፤ ልቤ እንዴት እንደሞላ ዛሬ ሳስበው ያመኛል።

የታች ቤት አሸነፈ። ዱላው ሽቅብ ሆነ፣ ጭፈራው ወደ ሻምበሉ ተመመ። አጅበውት የመጡት አስካሪ ወታደሮች ጠመንጃቸውን አቀባበሉ፤ አስተርጓሚው በእጁ ምልክት ሰጥቶ አስቆማቸው። ደምሴ ፊት ፊት እየመጣ እኔ ካለሁበት ሲደርስ ጎንበስ ብሎ በጆሮዬ፣ «ወንድም ጋሼ፣ ሰውየው ደንቡን ያውቃል?» አለኝ። ላቡ ጉንጬን ነካው። እኔ ምን አልኩ?

«ደንቡን ማን ያጣዋል! በል እንጂ!»

አልዋሸሁም። እውነት መስሎኝ ነው። ስለ ፀሐይዋ ነግሬያለሁ፣ ስለ ብርዱ ነግሬያለሁ፣ ስለ ሙክቱ ነግሬያለሁ። ስለ ስድቡ ግን አንዲት ቃል አልተነፈስኩም። ለመደበቅ አልነበረም። በገና የሚሰደብ ጌታ እንደማይቆጣ የማያውቅ ፍጡር ከሰማይ በታች ይኖራል ብሎ አእምሮዬ አላሰበም። እሳት እንደሚያቃጥል ለሰው ይነገራል? ደምሴ ቀና አለና ድዱ እስኪታይ ሳቀ። ከዚያ አወረደው፦

ጌታዬ ባርኔጣው ላባ ቢሰካበት፣
ዶሮዋ ባል መስሏት እንቁላል ጣለችበት።

ሁለት ዓመት የታፈነ ሳቅ እንዴት እንደሚፈነዳ አልነግራችሁም። ሰው ሆዱን ይዞ መሬት ወደቀ። ሽማግሌዎች አለቀሱ። ልጆች ባርኔጣውን በጣታቸው እያሳዩ እንደ ዶሮ ጮኹ። ሻምበሉም መጀመሪያ ከሰው ጋር ፈገግ ብሎ ነበር። ወደ አስተርጓሚው ዞሮ ጠየቀ። አስተርጓሚው ደብተሩን ገለጠ። ደግሞ ጠየቀው። አስተርጓሚው ላብ አጥምቆት አንድ ሁለት ቃል ተናገረ፤ ከዚያ የሻምበሉ እጅ ቀስ ብሎ ወደ ባርኔጣው ሲሄድ፣ ላባውን ሲነካ አየሁ። ደምሴ እጁን ዘርግቶ፣ እየሳቀ፣ ሙክቱ እስኪሰጠው ይጠብቃል። ምርቃቱ አፉ ላይ ነበር። አውቀዋለሁ፤ በዋዜማው አብረን ነው ያወጣነው፦

ሰድቤው የሳቀ ጌታዬ ደግ ሰው፣
ለከርሞ ገናችን በሰላም ያድርሰው።

ይህን ሳይል ነው አፉን በሰደፍ የመቱት። ሁለት አስካሪዎች ብብቱን ይዘው ወንዙን አሻገሩት። የካሚዮኑን ጀርባ ከፍተው ወረወሩት፤ ሙክቱ ደንብሮ ወደ ጥግ ሸሸ። ሙክቱና ወንድሜ ጎን ለጎን ተጭነው፣ አቧራው እስኪውጣቸው ድረስ በጫጫ መንገድ ሲሄዱ መስኩ ሙሉ ሰው ዱላውን ይዞ ቆሞ ቀረ። አስካለ ድንጋዩ ላይ ቆማለች። አንድም ነገር አላመለጣትም።

በነጋታው አስተርጓሚው ቤት ሄጄ እግሩ ላይ ወደቅሁ። ጥፋቴ የገባኝ ያኔ ነው። አነሳኝ፣ ክፉ ሰው አልነበረም። ያቺን ደብተሩን አውጥቶ ገለጠና፣ «ስለ ፀሐይዋ ነገርከኝ። ስለ ሙክቱ ነገርከኝ። ይህንን ለምን አልነገርከኝም? ነግረኸኝ ቢሆን አስረዳው ነበር፤ በአገራቸውም እንዲህ ያለ ቀን አላቸው፣ ይስቅ ነበር» አለኝ። ይስቅ ነበር። ይህን ቃል ስንት ዓመት ተሸከምኩት። ደምሴን ወደ ዋናው ከተማ ወስደውታል ተባለ፤ ወደ ባሕር ማዶ ተጭኗል ተባለ፤ መንገድ ላይ ጫጫን ሳያልፍ ተኩስ ተሰማ ያለም አለ። ጣሊያን ሲወጣ ከየእስር ቤቱ የተመለሰውን ሁሉ እየዞርኩ ጠየቅሁ። ድዱ እየታየ የሚስቅ ረዥም ሰው ያየ አልተገኘም። መቃብር የለውም። ያን በርኖስ ሻምበሉ ለብሶት ሄደ።

ሐሰን ለቅሶ ሊደርስ ያንን አቀበት ወጥቶ መጣ። ከጎኔ ተቀምጦ፣ «ለእኔ ነግረኸኝ ነበር እኮ» አለ። እውነቱን ነው። እሱን ገና ያሳየሁት ጊዜ፣ ወደ መስኩ ስንሄድ፣ «ሲሳደቡ እንዳትደነግጥ፣ ደንብ ነው» ብዬዋለሁ። ወዳጄ ስለሆነ ሳየው እንግድነቱ ታየኝ። ለሻምበሉ ስናገር ግን ያየሁት ራሴን ብቻ ነበር፤ ሁሉን አዋቂውን ተክሌን። ከዚያ ወዲህ «የት ልሂድ?» ላለኝ ሰው ሁሉ «አላውቅም» ነው መልሴ። መጀመሪያ ሰው በሐዘኑ ነው አለ፣ ቀጥሎ ጃጅቷል አለ፣ ቀጥሎ መጠየቅ ተወ።

አስካለ አንድ ቀን ብቻ ጠይቃኛለች። ጥሩወርቅን ታቅፋ ደጄ ላይ ቆማ፣ «ጋሼ፣ ለዚያ ሰውዬ ደንቡን ነግረኸው ነበር?» አለችኝ። ዓይኗን አየሁ። «ነገርኩት» አልኳት። ራሷን ነቀነቀች፣ ሄደች። ሌላ ባል አላገባችም።

ትናንት ጥሩወርቅ ዳቦውን ቆርሳ ሰጥታኝ ስትነሳ፣ «እናቴን ያጽናናት የነበረ አንድ ነገር ነው» አለችኝ፣ በርኖሱን እየተከናነበች። «'አባትሽ አልተሳሳተም። ጋሼ ተክሌ ደንቡን ነግሮት ነበር፤ ሰውየው እያወቀ ነው ያፈረሰው' ትል ነበር። እርስዎ ባይነግሩት ኖሮ እንዴት ይቆጨን ነበር፣ እንዴትስ እንችለው ነበር?» ዳቦው አፌ ውስጥ ነበር። አሁን ልናገር፣ አሁን ልናገር እያልኩ ሳለሁ በሩን ከፈተች። ብርዱ ገባ።

በሩ ላይ ዞር አለችና፣ «እንግዲያው ወደ ገናው ልውሰዳቸው» አለች። «እናቴ ተቀምጣበት የነበረው ጠፍጣፋ ድንጋይ አሁንም አለ። እዚያ ብናስቀምጣቸውስ?»

«ተዪው ልጄ» አልኳት። «ከዚያ ደህና አይታይም።»

ከአርባ ዓመት በኋላ ለሰው የሰጠሁት ምክር ይህ ነው፤ እሱም ውሸት ነው። ከዚያ ድንጋይ ሁሉም ነገር ይታያል።